ሦስተኛው እጅ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቄስ» ነው የሚላት። ስሙ ሲወጣላት ለፌዝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ሴት ቄስ ማየት ብርቅ ሆኖባቸው፣ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «እትዬ ቄስ፣ ይባርኩን እንጂ» እያሉ ሲሳሳቁባት ከረሙ። ታዲያ ፌዙ ውሎ አድሮ ማዕረግ ሆኖ ቀረ። ዛሬ እነዚያው ልጆች ሚስት አግብተው፣ ወልደው፣ ልጅ ለማስጠመቅ ሲመጡ በሩን አንኳኩተው «እትዬ ቄስ አሉ?» ይላሉ፤ የሚስቅ የለም።

ይህን ያገኘችው በዋዛ አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከወንዶቹ እኩል ገብታ እኩል ወጥታለች። ዛሬ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰብሳቢ የሆነው ቄስ ያኔ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ፈተና ሲደርስ ቁጭ አድርጋ ታስጠናው እንደነበር እሱ ቢረሳው እሷ አልረሳችውም። ሲመረቁ ወንዶቹ እጅ ተጭኖባቸው ቄስ ሆኑ። እሷን «ቆይ፣ ጉዳዩ ይጠናል» አሏት። ጉዳዩም ተጠና፣ ተጠና፣ አጥኚዎቹ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተጠና። እስከዚያው ሥራውን ማን ይሠራ ነበር ብትሉ እሷው ናት። የታመመ የምትጠይቅ እሷ፣ የተጣላ የምታስታርቅ እሷ፣ ሬሳ ሲወጣ ከፊት የምትሄድ እሷ። የጌታ እራት ቀን ሲደርስ ግን ከሌላ ሰፈር ቄስ ተለምኖ ይመጣል። እሷ ገበታውን ታዘጋጃለች፣ እሱ ይባርካል፣ ምሳውን በልቶ እብስ ይላል።

በመጨረሻ ጉባኤው ሲፈቅድላት ፀጉሯ ሽበት ጀምሮት ነበር። ባሏ የጋራዥ በያጅ ነው። እጅ በተጫነባት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እንባው ሲወርድ ያዩት የሥራ ጓደኞቹ «ምነው፣ ያለ መነጽር በየድክ እንዴ?» እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል።

ከምእመናኗ አንዷ የሰብሳቢው እናት ናቸው። እማማ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ከብዷል። ልጃቸው ሹመት ሲያገኝ ወደ ደህናው ሰፈር ቢዛወርም እሳቸው «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብለው እዚያው ቀሩ። እትዬ ቄስ ማክሰኞ ማክሰኞ ኅብስቱንና ጽዋውን በትንሽ ቦርሳ ይዛ ትሄድላቸዋለች። ስለማይሰሙ ቃሉን ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ቆረበ ማለት ይቀላል። ሰብሳቢው እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ በዚያ ሰዓት ከተገኘ እሱም ከአልጋው ማዶ ተንበርክኮ ከእጇ ይቀበላል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ባሕር ማዶ ካለች አንዲት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን «ኑና ቄሶቻችንን ተዋወቁ፣ እህትማማች እንሁን» የሚል ግብዣ የመጣ ጊዜ ሦስት ቄሶች እንዲሄዱ ተወሰነ። አንዱ ሰብሳቢው ነው፤ ያለ እሱ ምን ይሆናል። ሁለተኛዋን ምእመናኑ ራሳቸው እጃቸውን አውጥተው መረጡ፤ እትዬ ቄስ ናት። ሦስተኛው «ዝምተኛው» የሚባለው ቄስ ነው። ቀን ሙሉ አብራችሁት ብትውሉ ከሰላምታ ሌላ የማይወጣው፣ ግን የተናገራት ቃል የማትታጠፍ ሰው ነው።

የዝምተኛውን ቅስና ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በእነሱ ቤት ሥርዓት አንድ ሰው ቄስ የሚሆነው ቢያንስ ሦስት ቄሶች ራሱ ላይ እጃቸውን ሲጭኑበት ነው። ሁለት ከሆኑ አልሆነም፤ ይበተናል። ዝምተኛው ቄስ ሊሆን በተቀጠረበት ቀን ዝናቡ ድልድዩን ይዞት ሄዶ ሦስተኛው ቄስ ወንዙ ማዶ ቀረ። አዛውንቱ ቄስ አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ የሉም። ሰብሳቢው አለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ዘመድ አዝማድ ከሩቅ መጥቶ፣ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ራሱ ነው ቅስናዋን ገና ወደ ተቀበለችው እትዬ ቄስ ዞሮ «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ» ያላት። ወጥታ እጇን ጫነች። የልጁ ፀጉር በዝናብ ርሶ እንደነበር እስከ ዛሬ መዳፏ ያስታውሳል።

የጉዞው ዋዜማ ባሏ የአገልግሎት ልብሷን ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ተኩሶ፣ ነጩን የቅስና ኮሌታዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሻንጣው አናት ላይ አስቀመጠላት። «ይኼ ልብስ ብዙ ተጠብቋል» አላት። «እዚያ ስትለብሺው ፎቶ አንሺልኝ፤ ጋራዥ ውስጥ እሰቅለዋለሁ።»

ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ ቄስ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ ነው ከአውሮፕላን ማረፊያው የወጣችው፤ ሻንጣዋን እንደተረከበች ያጠለቀችው ኮሌታዋ ከስር ነው። የተቀበሏቸው ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ቄስና ባለቤታቸው ናቸው። ሰብሳቢውና እትዬ ቄስ የእነዚያን ሰዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ዝምተኛው ብቻ አያውቀውም። ሰብሳቢው ማስተዋወቅ ጀመረ። «እኔ ሰብሳቢ ነኝ። ይህ ወንድማችን ቄስ ነው። እህታችን ደግሞ የመዘምራናችን መሪ ናት።»

እሷ ጆሮዋን አላመነችም። ደክሞት ይሆናል ብላ አለፈችው። የእትዬ ቄስን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚህ መሳቅ አለበት። እሷ መዝሙር ስትጀምር መዘምራኑ ማይኩን ቀስ አድርገው ከፊቷ ያርቁታል፤ ራሷም ስታያቸው ትስቃለች። ሌላ ሌላውን ጸጋ የሰጣት ጌታ ዜማውን ነፍጓታል።

እንግዳ ማረፊያው ገብተው ሻንጣ ካስቀመጡ በኋላ ሰብሳቢውን ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን የአንድ ዴስክ ሰው ነውና «አንተ» ነው።

«ከአፍህ አመለጠህ እኮ» አለችው። «የመዘምራን መሪ አልከኝ።»

«አላመለጠኝም።» ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ሴት ቄስ የለም። አይቀበሉም። ሳንመጣ ነው ያጣራሁት።»

«አጣርተህ ነው ያመጣኸኝ?»

«ምእመናኑ መረጡሽ፤ አትሄድም ብል ማን ያኖረኛል? ሦስት ቀን ነው እህቴ። ኮሌታውን አውልቀሽ ብትቀመጪ ምን ይቀርብሻል? እግዚአብሔር እንደሆነ የሚያየው ልብን ነው።»

«ልብን ከሆነ የሚያየው፣ አንተም አውልቀው።»

ሰብሳቢው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና «በይ፣ ገበናችንን ሰው ፊት እንዳታወጪው» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

አያችሁ፣ በዚህች ቃል ነው የያዛት። ሌላ ቢላት መልስ ነበራት። ገበና ሲሏት ግን እናቷም፣ አክስቷም፣ ያሳደጓት ሴቶች ሁሉ ከኋላዋ ቆመው «ዋጥ አድርጊው» የሚሏት መሰላት። ገበና ብሎ ነገር የጎዳ ሰው ተጎጂውን አፍ የሚያስይዝበት ነው፤ አዋራጁ ያዋርዳል፣ ሸፋኙ ደግሞ የተዋረደው ነው። ማን እንዲህ ብሎ እንደደነገገ እንጃ። እትዬ ቄስ ክፍሏ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ኮሌታዋን ፈታች። ባሏ በጠቀለለላት ጨርቅ መልሳ ጠቀለለችው፣ ጨርቁም አሁንም የቤታቸው ሳሙና ይሸታል። 

በማግሥቱ ቄሶቹን ወደ ልብስ መልበሻው ክፍል ወሰዷቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ስታልፍ አየችው፤ ለእንግዶቹ ሁለት መስቀያ ተዘጋጅቷል። እሷን የሽማግሌው ቄስ ባለቤት ክንዷን ይዘው በፈገግታ ወደ ወጥ ቤቱ አስገቧት። ሴቶቹ ክፋት የላቸውም፤ ሽርጥ ሰጧት፣ ወንበር ሳቡላት፣ ድንችና ቢላ አቀረቡላት። እነሱን ምን ትበል? የተነገራቸውን ነው ያመኑት። ከግድግዳው ማዶ ቄሶቹ ስለ ስብከትና ስለ ቀብር ሥርዓት ሲወያዩ ድምፃቸው ይሰማል። ከሟች ጋር ሳይታረቅ የቀረ ልጅ ቀብሩ ላይ ሲመጣ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሰብሳቢው ቀብር ከሄደ ስንት ዘመኑ? መልሱን የምታውቀው ድንች ትልጣለች፤ የማያውቀው ይመልሳል። ልጣጩ በእጇ ላይ እየወፈረ ሄደ፣ ከድንቹም ብዙ አልተረፈም።

ራት ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። ሴቶቹ አጨበጨቡና «የመዘምራን መሪዋ አንድ መዝሙር ታሰማን» አሉ። እትዬ ቄስ ወደ ሰብሳቢው አየች። ሰብሳቢው ሾርባውን አየ። ዝምተኛው ቋንቋውን ባያውቅም ምን እንደተጠየቀች ገብቶት ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሥታ ዘመረች፣ ምን ታድርግ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከፍ ብላ ተነሥታ፣ ሁለተኛው ላይ መውረጃ አጣች። ሕዝቡ በጨዋነት አጨበጨበ። የሽማግሌው ባለቤት «ጉንፋን ይዟታል፣ ብርዱ ነው» ብለው ሻይ ቀዱላት። የተሰደበች ያህል ነው የተሰማት፤ የሰደቧት ግን እነሱ አይደሉም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ሰብሳቢው ነው፤ ለባዕድ ሲመቻች የራሱን ሰው ይወጋል።

እሁድ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እትዬ ቄስ ከፊት ወንበር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሰብሳቢውና ዝምተኛው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከመሠዊያው በታች ቆሙ። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች አንድ የቆየ ወግ አላቸው። እንግዳ ቄስ ለጌታ እራት ወደ መሠዊያው ከመውጣቱ በፊት፣ ሽማግሌው ቄስ ሕዝቡ እየሰማ «እጃቸውን የጫኑብህ እነማን ናቸው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ይናገራል። ሕዝቡ «ተቀብለናል» ይላል። ይህን የነገሯት ከጎኗ የተቀመጡት የሽማግሌው ባለቤት ናቸው፤ «የኛ ቤት ሰነድ ይኸው ነው፤ ሰው በሰው እጅ ነው የሚታወቀው» አሏት።

ሰብሳቢው ተጠየቀ፣ የትልልቅ ሰዎች ስም ደረደረ፣ ሕዝቡ ተቀበለ። ቀጥሎ ዝምተኛው ተጠየቀ። ሰብሳቢው ነው የሚተረጉምለት። ዝምተኛው ጉሮሮውን ጠረገና በገዛ ቋንቋው፣ ጥርት አድርጎ፣ «ሟቹ አባታችን፣ ሰብሳቢያችንና እትዬ ቄስ» አለ። ስሟን ሲጠራ ወደ ተቀመጠችበት አየ።

ሰብሳቢው ተረጎመ። «ሟቹ አባታችን፣ እኔ፣ እንዲሁም አንድ ሌላ ወንድም።»

የእትዬ ቄስ ደም እዚህ ላይ ነው የፈላው። ኮሌታዋን ሲያስወልቃት ችላለች። ድንቹንም ችላለች፣ መዝሙሩንም ችላለች። ያ በዝናብ ቀን የተጫነ እጅ ግን የእሷ ብቻ አይደለም፤ የልጁም ቅስና በእሱ ላይ ቆሟል። ሲቸግረው ነይ ብሎ የጠራው እጅ፣ ሲመቸው የሌላ ወንድም እጅ ሆነ። ተነሥታ ቆመች። መቼ እንደተነሳች ራሷም አታውቅም።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አለች፣ በእነሱው ቋንቋ። «ወንድም አይደለሁም። የመዘምራን መሪም አይደለሁም፤ ትናንት ሰምታችሁኛል። ቄስ ነኝ።»

 ሽማግሌው ቄስ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«በእኛ ዘንድ... ሁኔታው... እናንተን ላለማስቀየም ብለን...» ሰብሳቢው መሐረቡን አወጣ።

«እውነት ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«እውነት ነው።»

ሽማግሌው ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያዘኑ ነው የሚመስሉት። «እኛ ጋ ሴት ቄስ የለም» አሉ። «ልክ ነን ብዬ አምናለሁ። ቀድማችሁ ብትነግሩን ተቀምጠን እንከራከር ነበር፤ ምናልባትም እንጣላ ነበር። ወንድም ከወንድሙ ይጣላል፣ ምንም አይደለም። እናንተ ግን መሠዊያው ሥር ቆማችሁ ዋሻችሁን። እህቴ፣ አንቺን ወደዚህ ላወጣሽ አልችልም። እነሱንም አላወጣቸውም። ዛሬ ሦስታችሁም ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ።»

ዝምተኛው ትርጉም አልጠበቀም። ወርዶ ከነነጭ ልብሱ ከእትዬ ቄስ ቀኝ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መቀመጫ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ከግራዋ ነበር።

«አዋረድሽኝ» አላት በሹክሹክታ።

«እኔ?» አለችው። ሌላ ቃል ልትጨምር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኗን አስታውሳ ተወችው። ተወችው እንጂ አልረሳችውም።

አሸነፈች እንዳትሉኝ። ያን ልብስ አልለበሰችውም። ሽማግሌውንም ቢሆን ቅን ሰው ናቸው ብላ አመሰገነቻቸው እንጂ በነገራቸው አልተስማማችም፤ ሲሰነባበቱ «በሚቀጥለው ለክርክሩ እመጣለሁ» ስትላቸው ሳቁ። ልብሱ እንደታጠፈ ሄዶ እንደታጠፈ ተመለሰ። ባሏ ሻንጣውን ከፍቶ ሲያየው ነገሩ ገባው። ከስር ከመሠረቱ ስትነግረው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ» አላት። «እኔም ብኖር አብሬሽ ድንች ነበር የምልጥ።» ስቃ ስቃ ሆዷን ይዛ፣ መጨረሻው ልቅሶ ሆነ። እሱም ልብሱን አውጥቶ እንደገና ተኮሰው፤ ቢተኮስም ባይተኮስም ለውጥ አልነበረውም።

ሰብሳቢውስ? እሱማ ጉባኤውን ሰብስቦ «በታላቅ ክብር ተቀበሉን፣ ጥቃቅን የባህል ልዩነት ነበር» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። የባህል ልዩነት! የሰው ልጅ ውሸቱን ባህል ብሎ ሲጠራው አፉን አይዘውም።

ማክሰኞ እትዬ ቄስ ቦርሳዋን ይዛ እማማ ዘንድ ሄደች። ሰብሳቢው እዚያ ነበር። እማማ በትራሳቸው ተደግፈው ፊታቸው ፈክቷል።

«ልጄ፣ ነገረኝ እኮ!» አሉ። «በመሠዊያው ዙሪያ ሦስታችሁንም አቆሟችሁ አይደል? ያንን ልብስሽን ለብሰሽ! እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ።»

እትዬ ቄስ ሰብሳቢውን አየችው። እሱ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ያስተካክል ጀመር። ለእናቱ እንኳ። አልጋ ላይ ለወደቀች እናቱ እንኳ።  ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ኅብስቱን አወጣች፣ ጽዋውን ቀዳች። ቃሉን እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ተናገረች። እማማ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ተቀበሉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ከአልጋው ማዶ ሰብሳቢው ተንበርክኮ፣ እንደ ወትሮው፣ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ዘረጋ።

እትዬ ቄስ ኅብስቱን እንደያዘች ቆመች። ልክ ናት አይደለችም፣ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። «ከማን ልትቀበል ነው የዘረጋኸው?» አለችው። «ከመዘምራን መሪ አይቆረብም።»

ሰብሳቢው ቀና አላለም። መዳፎቹ እንደተዘረጉ ናቸው። እማማ ዐይናቸውን ገልጠው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ።

«ምንም እማማ» አለች፣ እንዲሰሟት ጮክ ብላ። «ልጅዎን እኔ ማን እንደሆንኩ እየጠየቅኩት ነው።»

ሰብሳቢው ወለሉን እያየ፣ ከከንፈሩ በማያልፍ ድምፅ፣ «ቄሴ ነሽ» አለ።

እማማ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

«ምን አልክ?» አሉት። «ጮክ በል እንጂ ልጄ፣ አልሰማሁህም።»